አሥራ አንደኛው ሜትር ላይ

ሰው በሩቅ ሰው አይቀናም። ባለ አውሮፕላን ከበርቴ በቴሌቪዥን አይቼ አንድ ቀን እንኳ ሆዴን ቆርጦኝ አያውቅም፤ «እግዜር ይጨምርለት» ብዬ ጣቢያ እቀይራለሁ። ጎረቤቴ የጣሪያውን አሸንዳ በአዲስ ያስቀየረ ዕለት ግን የዚያ ክረምት ዝናብ በሙሉ እኔ ልብ ላይ ሲንጠባጠብ ከረመ። ቅናት እንደ ዕድር ነው፤ ወሰን አለው። ከሠፈር አይወጣም፣ አባላቱ በስም ይተዋወቃሉ፣ መዋጮው ግን አያልቅም። «እኔስ ቀንቼ አላውቅም» የምትሉ ካላችሁ እሰየው፤ ብቻ የጎረቤታችሁ ልጅ በፈተና አንደኛ መውጣቱን ስትሰሙ፣ «እሰይ! ደስ ሲል!» ከማለታችሁ በፊት ያለችውን ትንሽ ዝምታ አስታውሱልኝ። እኔ የማወራችሁ ስለዚያች ዝምታ ነው።

የኔ አሸንዳ አስቀያሪ አቶ ታፈሰ ይባላል። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ጋቢና ብርድ ልብስ ይነግዳል። ከቤቴ የሚለየው አንድ አጥር ነው። ቁመናው ያማረ፣ ሰላምታው ረጅም፣ ለቅሶ ቤት ቀድሞ ደራሽ፣ ሠርግ ቤት ዘግይቶ ወጪ፣ ልጅ የሚስቅለት፣ ሽማግሌ የሚመርቀው ሰው ነው። አንድ ነውር እንኳ የለበትም። ዋናው ጥፋቱም ይኸው ነው። ትንሽ ነገር ቢገኝበት፣ ለምሳሌ ቢሰክር፣ ወይም ቢያንስ ቢያንኮራፋ፣ እኔም አርፌ በተኛሁ ነበር።

ይባስ ብሎ አበልጄ ነው። ወንዱ ልጃችን ክርስትና ሊነሳ ሲል «የክርስትና አባቱ ማን ይሁን?» ብዬ ባለቤቴን ውብነሽን ብጠይቃት፣ ዓይኗን ሳታሽ «አቶ ታፈሰ ነዋ!» አለችኝ። አበልጅ ደግሞ፣ መቼም ታውቁታላችሁ፣ ከሥጋ ዘመድ ይበልጣል። አይከዱትም፣ አያሙትም። ስለዚህ እኔ ታፈሰን አላማውም። ዝም ብዬ እቀናበታለሁ። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፣ በሆዴ ግን አንተ ነው።

እሱ የአንኮበር ልጅ ነው፣ እኔ የጫጫ። ይህ ለሰሚው ቀላል ነገር ይመስላል። «አገርዎ የት ነው?» ሲሉት «አንኮበር» ይላል፤ ጠያቂው የጥንት ነገሥታቱን አስታውሶ ከወንበሩ ቀና ይላል። እኔን ሲጠይቁኝ «ጫጫ» እላለሁ፤ ጠያቂው «እ፣ ሚኒባስ የሚቆምባት!» ይላል። ሃያ ምናምን ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ጫጫ ስንት ዓይነት ስንዴ እንደምታበቅል ላስረዳው አፌን ስከፍት እሱ ወደ ታፈሰ ዞሮ ስለ ቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽ መጠየቅ ጀምሯል።

እንግዲህ ሠፈራችን ውስጥ የጤና ስፖርት ማኅበር አለ። እሑድ እሑድ ጧት የሚሮጥ ነው። «የሚሮጥ» ያልኩት ከአክብሮት የተነሳ ነው እንጂ ዱብ ዱብ ይላል፤ ከዚያም በላብ የወጣውን ሁሉ እዚያው አቅራቢያ ባለ ሥጋ ቤት በእጥፍ ይመልሳል። ሊቀመንበሩ ማነው? ታፈሰ፣ በጭብጨባ። ጸሐፊውስ? እኔ፣ «ፊደል ያውቃል» ተብዬ። እኔ እጽፋለሁ፣ እሱ ያነባል፣ ሕዝቡ ለአንባቢው ያጨበጭባል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ለተማሪዎቼ ስለ ስኮትላንድ አየር ንብረት ትምህርት ላዘጋጅ ስልኬን ስጎረጉር፣ ከአየር ንብረቱ ይልቅ አንድ ሌላ ጽሑፍ ያዘኝ። ስኮትላንድን ለማታውቁ፣ የእኛው ዘመድ አገር ናት ማለት ይቻላል። እነሱ ብርድ አላቸው፣ እኛም አለን። እነሱ ጭጋግ አላቸው፣ እኛም አለን። በግና ሱፍ አላቸው፣ አለን። ገብስም አላቸው። በገብሱ የሚሠሩትን ነገር ጾም ስለሆነ አልነግራችሁም። ጽሑፉ የሚያወራው ስለ አማተሮቻቸው የአትሌቲክስ ሻምፒዮና የመጀመሪያ ዘመን ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ያኔ በአገራቸው ለገንዘብ የሚሮጡና ውርርድ የሚያዝባቸው ፈጣን ሯጮች ነበሩ፤ በየበዓሉ ለሽልማት መዶሻ የሚወረውሩ ጎበዞችም እንዲሁ። ታዲያ የተማሩትና ከኮሌጅ የወጡት «እኛ የምንሮጠው ለፍቅር ብቻ ነው፤ ከሩጫ ገንዘብ የበላ ከኛ ጋር አይሰለፍም» ብለው ማኅበር አቋቋሙ፣ ሻምፒዮናም አደረጉ።

እኔን የነካኝ ግን ይህ አይደለም። የነካኝ የአሸናፊዎቹ ስም ነው። የዚያን የመጀመሪያውን ዓመት ያሸነፉ ሰዎች ስም ይኸው እስከ ዛሬ ተጽፎ ይነበባል። ፍጥነታቸውን አይቼዋለሁ፤ ደብረ ብርሃን ውስጥ ትምህርት ቤት የረፈደበት ተማሪ ቦርሳውን ተሸክሞ የሚፎካከራቸው ዓይነት ነው። ግን መጀመሪያ ናቸው! ከነሱ በኋላ ስንቱ ፈጣን መጥቶ ስንቱ ተረስቷል፤ ከመጀመሪያው በላይ ግን ማንም አይጻፍም። ስልኬን አስቀምጬ አሰብኩ። ፈጣን ለመሆን ዕድሜዬ አልፏል። መጀመሪያ ለመሆን ግን ዕድሜ አይጠይቅም። አንድ ነገር ላይ፣ በሕይወቴ አንድ ነገር ላይ ብቻ፣ ከታፈሰ ስም በላይ ስሜ ተጽፎ ማየት እችላለሁ ማለት ነው። ጫጫም ስሟ አብሮ ይጠራል።

በቀጣዩ ስብሰባ ሐሳቡን አቀረብኩ። የሰሜን ሸዋ አንጋፋ አማተሮች ሻምፒዮና። ዕድሜው ከሃምሳ በላይ የሆነ፣ ከሩጫ ሳንቲም በልቶ የማያውቅ። ይህች ሁለተኛዋ ነጥብ ላይ አባላቱ ሁሉ እፎይ አሉ። በኛ አገር ጎህ ሲቀድ በአስፋልቱ ዳር የሚበሩትን ልጆች ታውቋቸዋላችሁ፤ እኛ ዱብ ዱብ ስንል በአጠገባችን ሽው እያሉ «አይዟችሁ አባቶች!» ይሉናል። ስኮትላንዶቹ ያን ሕግ ያወጡት ለስፖርት ንጽሕና ብለው ነው ይባላል። እኛ ያጸደቅነው ግን ከፍርሃት ነው። ሳስበው ሳስበው፣ እነሱም ቢሆኑ ያን ሁሉ ንጽሕና ያመጣባቸው የፈጣኖቹ እግር ሳይሆን አይቀርም።

ከአባላቱ ትልቁ መሪጌታ ላቀው ናቸው፤ ሰባውን የተሻገሩ፣ ከደብራቸው አገልግሎት በዕድሜ የተገለሉ አዛውንት። እጃቸውን አወጡና «እኔ ደመወዝ የበላሁት ቆሜ ነው እንጂ ሮጬ አይደለም። እገባለሁ» አሉ። ተሳቀ፣ ተመዘገቡ። ስድስት ሯጭ ሞላን። ታፈሰም ተነሥቶ «ለመሮጫው የሚሆን፣ እዚያው አንኮበር፣ ጎረቤላ ላይ የአጎቴ ልጆች የግጦሽ ሜዳ አላቸው፤ ልለምን» አለ። ሐሳቡ የኔ፣ ሜዳው የሱ። ጭብጨባው ለሜዳው ሆነ።

አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ሰሌዳ አሠራን። ከላይ «ሻምፒዮኖች» ተጻፈ፤ ከሥር ቁጥር አንድ፣ ቁጥር ሁለት እያለ ባዶ መስመር ወረደ። እኔ በየስብሰባው ያቺን የአንደኛውን ባዶ መስመር ሳያት ስሜን እዚያ ላይ አስቀምጬ እለካት ነበር። በደንብ ትበቃኛለች።

ዕለቱ ደረሰ። ጎረቤላ ሜዳ ላይ መሮጫው በኖራ ተሰምሯል፤ ሙሉ ክብ ሳይሆን አንድ ጎኑ በግንድ ምክንያት የተጎሸመ ነው። ሦስት ዙር ይሮጣል። የአንኮበር ሰው፣ ከደብረ ብርሃን አብሮን የመጣው ሰው፣ የገበያ መንገደኛው ሳይቀር ከቦ ቆሟል። መድረሻው ላይ ሪባኑን የያዙት በአንድ ወገን የኔዋ ውብነሽ፣ በሌላው ወገን የታፈሰ ባለቤት እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው። ሊቀመንበሩ የመክፈቻ ንግግር አደረገ። የኔን ስኮትላንዶች አንድ በአንድ ተረከላቸው። «ቀሚስ ለብሰው ነው የሮጡት!» ብሎ ጨመረበት። ቀሚስ የምትል ቃል እኔ አልጻፍኩም! ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ውብነሽ ሪባኑን እንደያዘች ዕንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ አየኋት። የኔን ቀልድ ሰምታ ዕንባዋ የመጣው መቼ እንደሆነ ለማስታወስ ስሞክር ፊሽካው ተነፋ።

ሩጫውን ላሳጥረው፤ እኛም ብንችል አሳጥረነው ነበር። የመጨረሻው ዙር ላይ እኔና ታፈሰ ከሌሎቹ ተነጥለን ወጣን። እሱ በአንድ እርምጃ ይቀድመኛል። ደረቴ እንደ ወናፍ ይነፋል፣ ዓይኔ ግን ከሪባኑ ጀርባ የቆመው አረንጓዴ ሰሌዳ ላይ ነው። አልደርስበትም፣ አለቀልኝ ስል፣ ሪባኑ ደረቱን ሊነካ ሲል፣ ታፈሰ ቀጥ ብሎ ቆመ። ዞር አለ። ጎንበስ ብሎ እጁን ዘረጋና «ይቅደሙ፣ አበልጄ» አለኝ።

ለሌላ አገር ሰው ብጽፍ ኖሮ እዚህ ላይ ብዙ ማስረዳት ነበረብኝ። እናንተ ግን በር ላይ የተገናኙ ሁለት የሸዋ ሰዎች አይታችኋል። «ይግቡ»፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ»፣ «በሞቴ!» ሲባባሉ ውስጥ ያለው ወጥ ይቀዘቅዛል። በመጀመሪያው ግብዣ የሚያልፍ ሰው ስድ ነው። በሁለተኛው የሚያልፍ ችኩል ነው። በሦስተኛው «እንግዲህ ካሉ» ብሎ አንገቱን ደፍቶ የሚያልፍ እሱ ጨዋ ነው፤ ደጅ ላይ የቆመም ጨዋ ነው። እኔም ሕጉን አውቀዋለሁ።

«ኧረ በጭራሽ! እርስዎ እያሉ!» አልኩ፣ ትንፋሼ እየተቆራረጠ።

«በሞቴ፣ አበልጄ።»

«አይሆንም፣ እርስዎ ነዎት የቀደሙት።»

ሁለቴ እምቢ ብያለሁ። አንዲት «በሞቴ» ብቻ ቀረችኝ። እሷ ስትመጣ «እንግዲህ ካሉ» ብዬ ደረቴን ወደ ሪባኑ ላስጠጋ ተዘጋጅቻለሁ። ታፈሰ አፉን ከፈተ። ያን ጊዜ ሦስተኛው ሯጫችን ደረሰ፤ ከፖስታ ቤት ጡረታ የወጣ ትሑት ሰው ነው። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ሲገባበዙ ገፍቶ ማለፍ ከየት ይምጣለት? እሱም ቆመና «ምነው፣ ይለፉ እንጂ!» አለን። «ኧረ እርስዎ ይለፉ!» አልነው ሁለታችን ባንድ አፍ። አራተኛው መጣ፣ ቆመ። አምስተኛው መጣ፣ እሱም ቆመ። አምስት አንጋፋ ሰዎች ሪባኑ ፊት «በሞቴ»፣ «በልጆቼ»፣ «አፈር ስሆን» እየተባባልን ተኮለኮልን። ተመልካቹ መጀመሪያ ሳቀ፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ነገሩ ትክክል መሰለው መሰለኝ፣ ይመክር ጀመር። በመጨረሻ ከሕዝቡ መሐል አንድ ድምፅ «ታላቅ ይቅደም!» አለ።

ሁላችንም ዞርን። መሪጌታ ላቀው መቋሚያቸውን እየተከሉ፣ በዝግታ፣ እየመጡ ነው። ግራና ቀኝ ሆነን መንገድ ለቀቅንላቸው። አጠገባችን ሲደርሱ ተሰልፈን ቆመን ስላዩ ደንግጠው «ምነው ልጆቼ፣ ማን ሞተ?» አሉ። «ማንም አልሞተም፣ ይለፉ አባታችን» አልናቸው። አለፉ። ሪባኑ በመቋሚያቸው ጫፍ ተጠልፎ ተበጠሰ። እልልታው ቀለጠ። እሳቸውም ዞረው «ዓመት ዓመት ያድርሰን፣ ጉልበታችሁን ያበርታው» ብለው መረቁን። «አሜን» አልን። እንደዚያ ያለ መራራ አሜን ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

ቀለም ቀቢው ብሩሹን ነክሮ ወደ ሰሌዳው ሲጠጋ መሪጌታ «ተው ልጄ፣ ተው» አሉት። «እኔ እኮ ገና አንድ ዙር ይቀረኛል።»

እውነታቸውን ነበር። ኮሚቴው ተሰብስቦ ውድድሩን ሰረዘው። ሻምፒዮን አልተገኘም። የመጀመሪያው መስመር ባዶውን ተመለሰ። እኔ በልቤ ተመስገን አልኩ። የመጀመሪያ የመሆን ዕድል ለከርሞ አደረልኝ ማለት ነው፤ የታፈሰም አልሆነ።

ግን ምን ዋጋ አለው። ከጎረቤላ እስከ ደብረ ብርሃን በመኪናው ውስጥ የተወራው አንድ ነገር ነው፦ ታፈሰ ቆመ። በእጁ የገባውን ድል ለአበልጁ ሊሰጥ ቆመ። «አየኸው?» አለችኝ ውብነሽ።

«እኔም እኮ እምቢ ብያለሁ» አልኳት።

«አንተማ ተጋብዘህ ነው» አለችና ወደ መስኮቱ ዞረች።

ኮሚቴው እንዲህ ያለ ነገር እንዳይደገም አዲስ አንቀጽ ይጻፍ አለ። የሚጽፈው እኔ ነኝ። «ከመድረሻው አሥር ሜትር ውስጥ መጋበዝ፣ በሞቴ ማለትና መግደርደር ክልክል ነው።» አባላቱ ወዲያው ስም አወጡለት። የታፈሰ አንቀጽ! ልብ በሉ። የስኮትላንዶቹን ሕግ ያመጣሁ፣ ሌሎቹን አንቀጾች አንድ በአንድ ያረቀቅሁ እኔ ነኝ፤ በኔ ስም የተጠራ አንዲት ነጠላ ሰረዝ እንኳ የለም። ሕግ ያፈረሰው ሰውዬ ግን አንቀጽ ተሰየመለት። ያን ሰሞን ቁርስ አልበላልኝ አለ። ውብነሽ ጨጓራ ነው ብላ ተልባ በጠበጠችልኝ። ጨጓራ አልነበረም፤ ተልባውን ግን ጠጣሁት።

ታዲያ አንቀጹን ጽፌ ሳነበው «አሥር ሜትር» የምትለው ላይ ዓይኔ ቆመ። አሥር ሜትር ውስጥ ክልክል ነው። አሥራ አንደኛው ሜትር ላይስ? አሥራ አንደኛው ሜትር ነጻ አገር ነው! እዚያ ላይ አንድ ሰው ቀድሞ ደርሶ ቢቆምና አበልጁን «በሞቴ ይቅደሙ» ቢለው፣ አበልጁም እንደ ደንቡ እምቢ ቢል፣ ደግሞም እምቢ ቢል፣ በመጨረሻ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» ብሎ ገፍቶ ቢያሳልፈው፣ ያ ሰው ጨዋነቱንም ወሰደ፣ ሰሌዳውንም ወሰደ። ታፈሰ እንደሆነ ተጋብዞ እንደማያልፍ ዓለም ያውቃል። እንዳማረበት መቅረትን ይመርጣል። ሐሳቡ ሲመጣልኝ ለብቻዬ ሳቅሁ፤ ውብነሽ ተልባው ሠራ አለች።

ዓመቱን ሙሉ ተለማመድኩ። እሑድን ብቻ ሳይሆን ከሥራ በፊትም ወጣሁ። ሥጋ ቤቱን ተሰናበትኩት። ተማሪዎቼ መንገድ ላይ ሲያዩኝ መጀመሪያ ሚኒባስ ያመለጠኝ መስሏቸው አዘኑ፣ በኋላ ለመዱኝ። ሆዴ ጎደለ፣ ትንፋሼ ረዘመ። ታፈሰ በአጥሩ ላይ ብቅ እያለ «በርቱ አበልጄ፣ አማረብዎ» ይለኛል። ከልቡ ነው የሚለው። ይህም ያናድደኛል።

ዓመት ዓመት ያድርሰን እንደተባለው አደረሰን። ያው ሜዳ፣ ያው ኖራ፣ ያው ሰሌዳ፣ ያቺው ባዶ መስመር። ሪባኑን የያዙት እነዚያው ሁለት ሴቶች ናቸው። ጧት ቀደም ብዬ አሥራ አንደኛው ሜትር ላይ አንዲት ነጭ ድንጋይ ከመሮጫው ዳር አስቀምጫለሁ።

ፊሽካው ተነፋ። አንደኛው ዙር ላይ ከፊት ነበርኩ። ሁለተኛው ዙር ላይም ከፊት ነበርኩ። ሦስተኛው ላይ ዘወር ብዬ ባይ ታፈሰ በጧቱ ጭጋግ ውስጥ ሩቅ ኋላ ቀርቷል፤ ሌሎቹ ጭራሽ አይታዩም። ማመን አልቻልኩም። ታፈሰን በገዛ እግሬ፣ በላቤ፣ ያለ አንዳች ዘዴ ቀድሜዋለሁ! እልልታው ለኔ ነው። ውብነሽ ሪባኑን ይዛ እየዘለለች ነው፤ ለኔ ስትዘል ከሠርጋችን ወዲህ አይቻት አላውቅም። ሰሌዳው ከፊቴ ነው። ዝም ብዬ መሮጥ ብቻ ነው የቀረኝ።

ነጯ ድንጋይ ጋ ስደርስ ቆምኩ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላሉ። እኔ ግን ዓመት ሙሉ ያሰብኩት ቦታ ላይ እግሬ ራሱ ቆመ ብላችሁ እመኑኝ። ድሉን ብቻ ብወስድ ታፈሰ በጨዋነቱ ይቀድመኛል። ሁለቱንም ነው የምፈልገው። ቆሜ ጠበቅሁት፤ ብዙ አስጠበቀኝ። ላቡ በአገጩ እየተንጠባጠበ፣ እያለከለከ ደረሰ። ጎንበስ አልኩ፣ እጄን ዘረጋሁ፣ ሪባን የያዙት እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ «በሞቴ ይቅደሙ፣ አበልጄ!» አልኩት።

ታፈሰ ቀና ብሎ አየኝ።

«እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለኝና አለፈ።

አንዴም እምቢ አላለም። አሥሩን ሜትር በዝግታ እየሮጠ፣ ጀርባውን እያሳየኝ ሄደ። ምን ላድርግ? ልጥራው? አሥር ሜትር ውስጥ ገብቷል፤ አንቀጹ አይፈቅድም፤ አንቀጹን ደግሞ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሮጬ ልቅደመው? ጋብዞ የሚሻማ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሪባኑ ደረቱ ላይ ተበጠሰ። ቀለም ቀቢው ዘንድሮ ማንም «ተው» አላለውም። የመጀመሪያው መስመር ላይ፣ ከእንግዲህ ማንም ከላዩ በማይጻፍበት፣ በነጭ ቀለም፣ በሰፊው፣ «ታፈሰ» ብሎ ጻፈ። ከስሙ ቀጥሎ ደግሞ በቅንፍ «አንኮበር» አለበት።

ውብነሽ ወደ እኔ መጣች። እንግዲህ ያን ሁሉ የከፈልኩበትን ቃል ልስማ ብዬ ፊቴን አዘጋጀሁ። «ምን ሆነህ ነው የቆምከው? እግርህን ያዘህ እንዴ?» አለችኝ። ጋብዤው እንደሆነ ነገርኳት። ትንሽ አሰበች። «አቶ ታፈሰ ግን ምን ዓይነት ጨዋ ነው» አለች፤ «ሰው ፊት እምቢ ብሎ አላሳፈረህም።»

በሳምንቱ ታፈሰ ድሉን ምክንያት አድርጎ ሠፈሩን ቤቱ ጠራ። አልሄድም ነበር፤ አበልጅ ነውና ሄድኩ። ማኅበሩ የሸለመው ሜዳሊያ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እንግዳው ሁሉ እሱን እያየ ያደንቃል፣ እኔ ጠላዬን እያየሁ እተክዛለሁ። ያን ጊዜ እትዬ ጥሩወርቅ ማንቆርቆሪያውን ይዛ መጣችና ብርጭቆዬን እስከ አፉ ሞላችው። ሰው ሁሉ እየሰማ ወደ ባሏ ዞራ «ሜዳሊያ ማንጠልጠልማ ማንም ያንጠለጥላል። እንደ መምህር መሆን ነው እንጂ፤ አሸንፎ ቆሞ፣ ጠብቆ መጋበዝ! አንተማ እሺ ብለህ እብስ አልክ» አለችው።

ታፈሰ ሳቀ። «እውነትሽን ነው፣ አበልጄ ጨዋ ነው» አለ። ግን ከመሳቁ በፊት አየኋት። ያቺን ትንሽ ዝምታ። ስንት ዓመት ከኔ ጋር የኖረች ናት፤ በየት በኩል እንደምትገባ፣ ዓይን ላይ እንዴት እንደምትቀመጥ አውቃታለሁ። ጠላው ወዲያው ጣፈጠኝ። ደግሜ አስቀዳሁ። ዓመት ሙሉ በተልባ ያልዳነው ጨጓራዬ በዚያች ዝምታ ተፈወሰ።

ስወጣ እስከ አጥሩ በር ሸኘኝ። «ይቅደሙ» አለኝ፣ «ኧረ እርስዎ» አልኩት፣ እንደ ደንቡ ተገባበዝንና ወጣሁ። በሩን ሊዘጋ ሲል ዝቅ ባለ ድምፅ «አበልጄ» አለኝ።

«አቤት።»

«ለከርሞ እኔ አሥራ ሁለተኛው ሜትር ላይ ነው የምጠብቅዎ።»

ፈገግ ብሎ ዘጋው። እኔም አጥሩን ተከትዬ ወደ ቤቴ እየሄድኩ አሰብኩ። ስኮትላንዶቹ ከመቶ ዓመት በላይ እየሮጡ፣ በየዓመቱ የመድረሻ ሰዓታቸውን ትንሽ ትንሽ እየቀነሱ ሄደዋል። እኛ በዚህ ዓይነት ከቀጠልን፣ አንድ ዓመት ፊሽካው ሲነፋ ሁላችንም መነሻው ላይ ቆመን «ይቅደሙ»፣ «ኧረ እርስዎ» ስንባባል ይመሻል። ለማንኛውም ነገ ጧት ልምምድ አለብኝ።

አሥራ ሦስት፣ አልኩ በሆዴ።